ቀይዋ የዘር በቆሎ

የበቆሎ ጥብስ በሸተተኝ ቁጥር በልቤ ወደ ጃንሆይ ጊዜዋ ማክሰኝት፣ ወደ አጎቴ አያ ታረቀኝ ቤት እመለሳለሁ። ነቀዝ እንዳይበላው የዘር በቆሎውን ከምድጃው በላይ ጢስ ላይ ይሰቅለው ነበር። ከትልልቆቹ ነጫጭ ዛላዎች መሀል አንዲት ትንሽ ቀይ ነበረች። ለዘር የማትረባ መስላኝ ግማሿን ፈልፍዬ ቆላሁና በላሁ።

አያ ታረቀኝ አልመታኝም።

«ምነው ልጄ? ነጩ በቆሎ ዝናብ ሲጠግብ ሸጋ ነው፣ ጎተራ ይሞላል። ዝናቡ ቀድሞ የቆመ ለት ግን ቶሎ የምትደርስልን ይቺ ናት» አለና የተረፈችውን መልሶ ሰቀላት።

በዓመቱ ዝናቡ በነሐሴ ቆመ። ነጩ ሳያፈራ ደረቀ፤ የቀይዋ ዘር ግን ደረሰ። ነፍሱን ይማረውና፣ የመጀመሪያውን እሸት ጠብሶ ለእኔ ሰጠኝ።

እስከ ዛሬ በቆሎ ስበላ አንድ ረድፍ አስቀራለሁ። ለማን እንደሆነ አላውቅም።