ዳቦ የሚመስለው ፊደሌ

በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ ታፔላ ጸሐፊ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ፊደል በተበሳበት ቆርቆሮ የቡና ጆንያ ላይ ቀለም ስመታ ስለኖርኩ ቀጭንና ማዕዘናም ጽሕፈት አንገሽግሾኝ ነበር። ስለዚህ የራሴን ፈጠርኩ፤ ወፍራም፣ ድብልብል፣ አንድም ሹል ጫፍ የሌለው። የ«በ» እግሮች እንደ ሕፃን እግር ያበጡ ናቸው። የ«ዐ» ቀዳዳ ደግሞ ሊደፈን ምንም አይቀረው። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እሱን ነው የምወደው።

ለሁሉም ነገር ግን አይሆንም። ሁለት ሦስት ቃል ሲሆን ከመንገድ ማዶ ይጣራል፤ ሲረዝም ይቆለልና ዐይን ያደክማል። አንዴ ለእድር የሞት ማስታወቂያ ብጽፍበት፣ ግማሹ ለቀስተኛ ሠርግ መስሎት አምሮበት ከች አለ። በደንብ የተስማማው ለገበያው ዳቦ ቤት ነው። ቡናማ ቀለም ስቀባው ፊደሉ ራሱ አሁን ከምድጃ የወጣ መሰለ። ከሰቃና ከሰኮሩ የሚመጡ፣ ማንበብ የማይችሉ ገበያተኞች ሳይቀሩ ቅርጹን አይተው ይገቡ ነበር።

ጉዱ የመጣው የቀበሌያችን ሊቀመንበር በአዳራሹ ግድግዳ ላይ መፈክር እንድጽፍ ሲያዘኝ ነው። ያን ሰሞን ቀለም ጠፍቶ ነበርና በእጄ የቀረው የዳቦ ቤቱ ቡናማ ብቻ ነው። በድብልብሉ ፊደሌ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» ብዬ ጻፍኩ። «ሞት» የሚለው በተለይ አምሮበት ነበር፤ ያስጎመጃል።

ማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ሊቀመንበሩ ሲመጣ ዘንቢል ያንጠለጠለ ሕዝብ በአዳራሹ ደጅ ተሰልፎ «ዳቦ! ዳቦ!» ይላል። ያን ጊዜ በቀበሌ በር ላይ ዳቦ ብሎ መጮህ ምን እንደሚያመጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። አብዮት ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን አነሱ። እኔም ጩኸቱን ሰምቼ ከቤቴ እየሮጥኩ ደረስኩ።

ሊቀመንበሩ ከሰልፉ ፊት በቆሙት አሮጊት ላይ አፈጠጠ። «እማማ፣ ማን ነው ያደራጃችሁ? ይናገሩ!»

«እኔን ማን ያደራጀኛል ልጄ!» አሉና ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። «ማሎ፣ እባክህ፣ ያ የዳቦ ቤቱ ጽሕፈት አይደለም እንዴ? ወላሂ፣ ዳቦ ቤቱ ወደዚህ የተዛወረ መስሎኝ ነው!»

አንዱ ጠባቂ ሳቁ አመለጠው። ሊቀመንበሩ ግን ፊቱ አልተፈታም፤ ወደ እኔ ዞሮ «ይህን ወፍራም አድሃሪ ፊደል አሁኑኑ አጥፋ!» አለኝ። ባለመታሰሬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። የገዛ እጄን ሥራ ስፍቅ ግን ሆዴ ባባ። በቦታው እንደ ሳንጃ የሾለ ቀጭን ፊደል ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ በአዳራሹ ደጅ ዝር የሚል ጠፋ። ለስብሰባ እንኳ ሕዝቡ በጠባቂ እየተነዳ ነበር የሚመጣው፤ መጥቶም ያንቀላፋል።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ብቻውን ቤቴ ድረስ መጣ። አለቀልኝ አልኩ። በሩን ዘጋ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ስማ» አለኝ። «ሊቀመንበር ከሆንኩ ጀምሮ ሕዝቡ ሳይጠራ በራሱ የመጣልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ወፍራሙን መልስልኝ።»