ዲናሞውን ያፈነው ቀለም

በሱዳኗ ከሰላ ከተማ ገበያ ዳር ባለሙያውን ኡስታ ኦሃጅን የማያውቅ ሹፌር የለም። ሃያ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ ሳይለካ ዕቃ ፈትቶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ከራሻይዳ ጎሳ የሆነው ሰዊሊም አሮጌ ፒካፑን እያስገፋ መጣ። ከሰዓት በኋላ ሙሽራ ልጁን የሚያደርሳት በዚህችው መኪና ነው። ለሠርጉ ብሎ ሞተሩን ሳይቀር አረንጓዴ አስቀብቷታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ባትሪዋ አልሞላ አለ።

“ዲናሞ ቀይር ይሉኛል፤ ዛሬ ከየት አባቴ ላምጣ? የሙሽራው አባት ‘በእኔ መኪና እናምጣት’ እያለ ይስቅብኛል!”

“ቀስ በል ወንድሜ፣ ሠርግ እንጂ ለቅሶ አይደለም።”

ኦሃጅ በሌላ ባትሪ አስነስቷት ለካ። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ራሱ ላይ አሥራ አራት ቮልት አለ፤ ባትሪው ላይ የሚደርሰው አሥራ ሁለት ብቻ ነው። እንግዲያው ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ ሁለቱ ቮልት መንገድ ላይ ቀርተዋል! የፖዘቲቩን ሽቦ ለካ፤ ደህና ነው። ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ዲናሞው ገላ ሲለካ ግን ሁለቱን ቮልት እዚያ አገኛቸው።

“ያዝኳቸው! ሰዊሊም፣ የዲናሞውን መቀመጫም አስቀባኸው?”

“ሁለት እጅ! አያምርም?”

“ያምራል። ግን ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በዚያ ብረት ነው፤ አንተ በቀለም በሩን ዘጋህበት።”

ዲናሞውን ፈትቶ የመቀመጫውን ቀለም ፋቀና መልሶ አጥብቆ አሰረው። ሞተሩ ሲነሳ ባትሪው ላይ አሥራ አራት ቮልት ተነበበ።

ከሰዓት በኋላ አረንጓዴዋ ፒካፕ ጥሩምባዋን እያንባረቀች ሠርገኛውን መራች፤ የሙሽራው አባት መኪና አቧራዋን እየጠጣች ተከተለቻት።