የወንዱ ካፌ የጓሮ መንገድ

የሱረያ አንድ ተራ ቀን የስድስት ሰው ክንድ ይፈጃል። ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበሯ ለመውረድ እናቷ ራዚያና አንዲት ጎረቤት፤ የደጃፉን ደረጃ ለመሻገር ሁለት አላፊ አግዳሚ፤ ባጃጅ ላይ ለመውጣት ሹፌሩና ያገኘው ሰው። ስድስቱም «አይዞሽ» ይሏታል፤ ስድስቱንም ትመርቃለች። ሲመሽ የሚደክማት ምላሷ ነው። ወገቧማ ከአራት ዓመት ወዲህ መድከም አያውቅም፤ አረብ አገር የአሠሪዎቿን መስኮት ስትወለውል ከሦስተኛ ፎቅ ከወደቀች ጀምሮ።

የደነዘዘው እግሯ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰው ሲያለቅስላት ታያለች፣ ሰው ሲያስቃት ትስቃለች፤ ሁሉም ነገር ግን ከመስታወት ወዲያ የሚሆን ይመስላታል።

ልጇ ሀጀራ ሰባት ዓመቷ ነው። ኢድ ሲቃረብ፣ «እማ፣ የክፍሌ ልጆች ሁሉ ሐይቅ ዳር ሄደዋል» አለቻት። «በኢድ ማግስት እኔም እሄዳለሁ። አያቴ ሳትሆን አንቺ ነሽ የምትወስጂኝ።»

ሱረያ ደስም አላላት፣ አልከፋትምም። «እሺ» የሚለው ቃል ግን ከአፏ ወጣ። ከወጣ ደግሞ ወጣ ነው። ልጅ እንደ ዕቃ የተሸከሙላትን እናት ሳይሆን፣ ራሷ የወሰደቻትን እናት ነው የምትፈልገው። ይህን ሱረያ ሳይነገራት ገብቷታል።

ሐይቁ ዳር ያለው ካፌ ወንዱ የሚባል የምታውቀው ሰው ነው። ስልክ ደወለችለት።

«ደረጃ አለው?»

«አሥራ አንድ ብቻ!»

«በወንበር የሚወረድበት ሌላ መንገድስ?»

«ለእንግዳ የሚሆን የለም። ምን አስጨነቀሽ፣ ሰው በሞላበት አገር? ብቻ ነይ!»

በኢድ ማግስት ባጃጁ በር ላይ ሲያደርሳቸው፣ የአጎቷ ልጅ ሀሚዱ ከሦስት የቅሬ ወጣቶች ጋር ተሰልፎ ጠበቃት። ቅሬ እንግዲህ፣ ሰው ሲታመምም ሲሞትም የሚደርሰው የሰፈሩ ማኅበር ነው። ድንኳኑና ድስቱ ከሚቀመጥበት ቤት ያመጡትንም ይዘው ነበር።

«ሀሚዱ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቃሬዛ ነዋ! ታጥቧል።»

«ባለፈው ሳምንት ሸሁ ወደ መቃብር የሄዱበት አይደለም?»

«እሳቸው እንኳ ምንም አላሉ፤ አንቺ ነሽ የምታማርሪው።»

አጋደሟት። ወንበሯን ሹፌሩ ተሸክሞ ከኋላ ተከተለ። ሱረያ ሰማዩን እያየች ወረደች። ከታች ሐይቁን እያዩ ሻይ ይጠጡ የነበሩ ኑርዬ የሚባሉ ሽማግሌ ቃሬዛውን ሲያዩ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉና ለሞተ ሰው የሚባለውን አሉ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!» ሌላውም ሰው ተከትሏቸው ተነሣ።

ሱረያ አንገቷን ቀና አደረገች። «አባባ፣ እኔ ገና ነኝ።»

ካፌው በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ሀጀራ ብቻ አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ፣ «ሁሉም አየን» አለች።

ቆሮሶ ዓሣ ተጠብሶ ቀረበ። ወንዱ ለክብሯ ብሎ የአቮካዶ ጭማቂ በነጻ አመጣ። ሱረያ አልነካችውም፤ ከነጋ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። የሽንት ቤቱ በር ከወንበሯ እንደሚጠብ ገና ከቃሬዛው አንሥተው ወንበሯ ላይ ሲያስቀምጧት በዓይኗ ለክታለች።

«ጠጪ እንጂ!»

«አልጠማኝም።»

ይህን እያለች ሳለ፣ የለስላሳ ሣጥን የጫነ የአህያ ጋሪ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ብቅ አለ። አንድም ደረጃ ሳይወርድ ጠረጴዛዎቹ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ሱረያ ጎማውን አየች፤ ጎማው የመጣበትንም መንገድ በዓይኗ ተከተለች።

«ወንዱ፣ ይህች አህያ በየት ገባች?»

«በጓሮ ነዋ፤ አስፋልቱ ድረስ ይወጣል።»

«በስልክ የለም አላልከኝም?»

«ለእንግዳ ነው የለም ያልኩሽ! በእስጢፋኖስ፣ አንቺን በአመድና በዓሣ ቅርፊት መሐል ላሳልፍሽ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔ የምወጣው በዚያ ነው።»

ሀሚዱ ጣልቃ ገባ። «ተይ ሱርዬ፣ አላህ የሚጽፍልንን አጅር አትቀሚን። እኛ እናወጣሻለን።»

«አጅሩን ለአህያዋ ስጧት» አለችና ጎማዋን አዞረች። «ሀጀራ፣ ነይ ግፊኝ።»

ዕቃ አጣቢዎቹ ሳፋቸውን ሰብስበው አሳለፏቸው። ወንዱ እንግዳ በጓሮ ሲወጣበት ላለማየት ወደ ውስጥ ገባ። አመዱ ላይ አንዱ ጎማ ተቀረቀረ፤ ሀሚዱ ሊያነሣ ሲንደረደር ሱረያ «ቁም!» አለችው። ሀጀራ በትከሻዋ ገፋች፣ እናቷ በእጇ ሳበች፤ ወጡ። አቀበቱን አራት ጊዜ እያረፉ ጨረሱት።

አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ሱረያ ደስታውን ጠበቀችው። አልመጣም። የመዳፏ ቆዳ ተልጦ ያቃጥላት ነበር፤ እሱ ግን በደንብ ተሰማት።

«እማ» አለች ሀጀራ እያለከለከች፣ «ሌላ ጊዜም በዚህ ነው የምንመጣው አይደል?»

«በዚህ ነው።»

ወንዱ አኩርፎ ሰነበተ፤ በሦስተኛው ሳምንት ደውሎ፣ «አመዱን አስነሥቼ ጠጠር አፍስሻለሁ» አላት። የሽንት ቤቱ በር ግን ያው ነው።

እናም ሱረያ ይህን የምታነቡትን ሁሉ አንድ ነገር ትለምናለች። ሐይቅ ከተማም ሁኑ አርዲቦ ወይም ውጫሌ፣ ሻይ ልትጠጡ ከገባችሁበት ሳትወጡ የሽንት ቤቱን በር በስንዝር ለኩላት። ወንበሯን ለማሳለፍ አራት ስንዝር ይበቃል። ከዚያ ከጠበበ ለባለቤቱ እናንተው ንገሩት። እሷ ስትነግረው «እናነሣሻለን» ነው የሚላት።