የጠላ ወጥ በዴም

ወንድሜ ያን ቀን ማታ መልሱን ሊነግረኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ወይ ካርቱም ይቀራል፣ ወይ በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ደላላው በሚጭነው መኪና ወደ ሊቢያ ይሄዳል። ወደ አገር መመለስ የሚለውን ነገር ገና ሳነሳበት ፊቱን ስለሚያዞርብኝ ትቼዋለሁ።

እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ መልስ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። አል-ሳሃፋ ሰፈር ሱቅ ያለው አንድ ሱዳናዊ ለምኜ ሥራ አግኝቼለት ነበር። ሥራው ዕቃ ማውረድና መደርደር ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ማደሪያም አለው። ባለሱቁ "ነገ ካልመጣ ሌላ ሰው አስገባለሁ" ብሎኛል። ወንድሜን ግን በሱቅ ማሳመን አልተቻለም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት፤ ወይ ፍንክች። የቀረኝ ሆዱ ብቻ ነበር። ስለዚህ የእናታችንን የጠላ ወጥ ልሠራለት ወሰንኩ።

እናታችን የበሬ ሥጋ ወጥ ስትሠራ ውሃ የሚባል ነገር ድስቱ አጠገብ አታስደርስም። ሥጋውን የምታበስለው በጥቁር ጠላ ነው፣ ዳቦው ክፉኛ ባረረበት፣ ጌሾው ምላስ በሚይዘው። ጎረቤቶቿ "ጠላ ለእንግዳ ነው እንጂ ለድስት ይቀዳል እንዴ?" እያሉ ይስቁባታል፤ ከቀመሱ በኋላ ግን ድስቱን ሳይጠርጉ አይነሱም። ወንድሜ ካርቱም የገባ ሰሞን "እንደሱ ያለ ወጥ ባገኝ እንኳን ሊቢያ ገበያም አልሄድ" ብሎ ቀልዶ ነበር። ቀልድ መሆኑ አልጠፋኝም። ጭንቅ የያዘው ሰው ግን ቀልድም ይጨብጣል።

ችግሩ ጠላው ነው። ሕጉ ላልቷል፣ ክርስቲያን በቤቱ ቢጠጣ አይነካም ይባል ነበር። ለፖሊሶቹ ግን የነገራቸው ያለ አይመስልም፤ የኛ ሴቶች በጠላና በአረቄ እየተያዙ ሲጫኑ በዓይናችን እናያለን። ይባስ ብሎ ወሩ ረመዳን ነበር። የኛ ፋሲካ አልፎ ዓርብም ሥጋ የሚበላበት ሰሞን ሲሆን፣ አገሩ በሙሉ ግን ጾመኛ ነው። በዚህ ወር ጠላ ይዞ መገኘት ምን እንደሚያመጣ ማሰብ አልፈለግሁም።

ዴም የሚባለው የካርቱም ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል አብራኝ የተከራየችው የወሎ ልጅ ናት። እንደኔው ሰው ቤት ትሠራለች፣ እስላም ናት፣ አንድም ሶላት አያልፋትም። ማዮ ሰፈር ሄጄ ጠላ ልገዛ ነው ስላት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

"አብደሻል? በረመዳን?"

"ወንድሜ ነው።"

ሻሿን እያሰረች ተነሳች። "እኔ አልነካውም፣ አልሸከምልሽምም። ብቻሽን ግን አትሄጂም። ስትደነግጪ ዐረብኛሽ ይጠፋብሻል።"

ማዮ ጠላ የምትጠምቀው ሴት ጋኗን በከሰል ጆንያዎች ስር ቀብራ ነው የምታስቀምጠው። አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ ሰጠችኝና በጨርቅ ጠቀለልኩት። ስንመለስ ረክሻ፣ የኛን ባጃጅ መሳዩን፣ ያዝን። ጠላ በጠርሙስ ሲዘጋበት እንደሚያብጥ ሳልረሳው አልቀረሁም፤ በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ላይ ጭኔ ላይ እየጠነከረ እየጠነከረ መጣ። ክዳኑን ላላ ላድርገው ብል ይሸታል። ብተወው ይፈነዳል። እንዲሁ በሁለት እጄ አንቄው ተቀመጥኩ።

ዴም ልንገባ ስንል ከሻ ገጠመን። ከሻ ማለት እዚያ አገር አፈሳ ነው። አንድ ፖሊስ ረክሻውን አስቁሞ መኖሪያ ፈቃድ ጠየቀን፤ ኢቃማችንን አየና መለሰልን። ከዚያ ዓይኑ ጭኔ ላይ ዐረፈ።

"ዳ ሽኑ?" አለኝ። ይሄ ምንድነው ማለቱ ነው።

እንደተባለውም ዐረብኛዬ ጠፋ። ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደ፣ ጨርቁን ገለጠ፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ ጥቁረቱን አየ። ክዳኑ ስር አረፋ ይንተከተካል። ያን ጊዜ ጓደኛዬ ከጎኔ ሆና ረጋ ባለ ድምፅ "ሒሉ ሙር ነው፣ ያ ጀናቦ" አለችው፣ ጌታዬ እንደማለት።

ሒሉ ሙር ሱዳኖች በረመዳን ከማሽላ ብቅል የሚያዘጋጁት ጥቁር መጠጥ ነው። መልኩ ጠላ ነው፣ ሽታውም ከጠላ አይርቅም፤ ግን አያሰክርም። የፖሊሱ ፊት በአንዴ በራ። እናቱ ስትሠራው እንዴት እንደሆነ ይነግራት ጀመር። ሐበሾችም መሥራት ቻላችሁ ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ያልጠበቅነውን አመጣ፤ ጠርሙሱን ብብቱ ስር ሸጎጠና "በቃ፣ ይሄን ለማፍጠሪያ ለኔ ተዉልኝ" አለ።

ማፍጠሪያው ሲደርስ ከፍቶ ሲቀምሰው ታየኝ። ፊታችንን አይቷል፣ ኢቃማችንን አይቷል። ሁለታችንም አለቀልን አልኩ።

"ደስ ባለን ነበር" አለችው ጓደኛዬ። "ግን የአከራያችን የሐጃ ነው። አሮጊት ናት፣ ታማለች፣ ከዚህ በቀር ጉሮሮዋ የሚወርድላት የለም። ጾም የምትፈታበት አጥታ ትደር ካልክ ውሰደው።"

ጥቂት አሰበ። ከዚያ ጠርሙሱን ጭኔ ላይ መለሰው፤ ዱዓ ታድርግልኝ በሏት አለና ረክሻውን በእጁ መታ መታ አድርጎ "ያላ!" ብሎ አሳለፈን።

ቤት ደረስን። በሩን ከዘጋን በኋላ "ዋሽቼ ጾሜን አበላሸሁት" አለችና ቁጭ ብላ አለቀሰች። ይቅርታ ብላት፣ እግሯን ልስም ብል፣ "ተይኝ፣ ሂጂ ወጥሽን ሥሪ። ያ ልጅ ከቀረ አላህም ይቅር ይለኛል" አለችኝ።

ሥጋውን ጠዋት ከዴም ሥጋ ቤት ገዝቼዋለሁ፣ ከነቅልጥሙ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላሁ፤ በርበሬውን ጨመርኩ፤ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ሥጋውን። ውሃ በሚገባበት ሰዓት ጠላውን ጠብ ጠብ እያደረግሁ አስገባሁ። አረፋው ተንፎልፍሎ ተነሳ፣ ያረረ ዳቦና የጌሾ ሽታ ክፍሏን ሞላ። መስኮቱን ዘግተነዋል፤ መብራት ስለሌለ ማራገቢያውም ቆሟል። ላቤ ድስቱ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ በክንዴ እየጠረግሁ አማስላለሁ።

ሐጃ በግቢው ስታልፍ በራችን ላይ ቆመች። "ምንድነው የሚሸተው፣ ልጆች?"

"ዳቦ አርሮብን ነው፣ ሐጃ" አለች ጓደኛዬ። ይሄኛው እንኳ ግማሹ እውነት ነው። የሐጃ ነጠላ ጫማ ድምፅ እስኪርቅ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ሥጋው በጠላው ቀስ እያለ ለሰለሰ፣ መረቁ ጠቆረና ወፈረ። ስቀምሰው የእናቴን እጅ አገኘሁት። እንዲህ ያለ ወጥ በልቶ የሚሄድ ልብ የለውም ብዬ ተጽናናሁ። ግን ወንድሜ የለም። ደላላው ከሚመላለስበት ሻይ ቤት እንደዋለ ነው፤ ስልኩም አይነሳም። በር ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር መጣ። ከበሩ ገና ሲገባ ሽታው አስቆመው።

"እታለም፣ ይሄ የማን ወጥ ነው?"

"የእናትህ ነዋ። ቁጭ በል።"

አዛኑ ተሰማ። ጓደኛዬ በተምር አፈጠረች። የኛን ወጥ ጠላ ስላለበት አትነካውም፤ ለብቻዋ ፉል አቀረበች። እኔ እንጀራውን ዘርግቼ ወጡን አወጣሁ። ወንድሜ እጁን ታጠበ፣ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ እጁ አየር ላይ ቆመ።

"ማነው ያረደው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከመጣ ጀምሮ ፉልና እንቁላል ብቻ የሚበላው ፉል ወዶ መስሎኝ ነበር። ማተቡን አንገቱ ላይ በየቀኑ እያየሁ! እኔ ካርቱም ስኖር ከስንት ጊዜ በፊት የእስላም ሥጋ የክርስቲያን ሥጋ ማለት ትቼዋለሁ። መተዌንም ረስቼዋለሁ። እሱ ግን እናታችን ቤት እንደነበረው ነው። ለጠላው እስር ቤት ደጃፍ ደርሼ፣ ሥጋውን ግን ማን እንዳረደው ሳላስብ ገዛሁት። ከድስቱ ዙሪያ ሦስት ሰው ተቀምጠን፣ አንዷ በጠላው፣ አንዱ በሥጋው ምክንያት ሊበሉት አይችሉም።

ጓደኛዬ አቀርቅራ "የኛ የእስላሞቹ ሰው ነው ያረደው፣ ወንድሜ" አለችው።

"ቆይ እንቁላል ልጥበስልህ" ብዬ ብድግ ስል ልብሴን ያዘኝ።

"ተይው፣ ተቀመጪ።"

በስመ አብ ብሎ አማተበና ጎረሰ። ትልቅ ሥጋ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ አኘከ፣ ዋጠ። ሁለተኛ ጎረሰ። ደስታዬን የት ላድርገው! ለኔ ሲል ይህን ያህል ከተወ፣ ሊቢያንም ይተዋል አልኩ። በልቤ አል-ሳሃፋ ወስጄ ከባለሱቁ ጋር አገናኝቼው፣ ልብሱን አጥቤ፣ ሚስት ሁሉ ፈልጌለት ጨርሻለሁ።

"ራሷ ናት" አለኝ እየበላ። "ቅንጣት አላጎደልሽም።"

"እንግዲህ ነገ ለባለሱቁ በስንት ሰዓት ይመጣል ልበለው?" አልኩት፣ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ።

ማኘኩን አቆመ። እጁን እንጀራው ላይ አሳረፈ።

"እታለም፣ በረሃ ላይ የተገኘውን የማይበላ ሰው አይደርስም ብለውኛል። ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅም አሉኝ። ነገ መልመዴ ካልቀረ፣ የመጀመሪያውን ካንቺ እጅ ልብላው ብዬ ነው።"

ጓደኛዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ልጮህ ነበር፤ ድስቱን አንስቼ ልወረውረው ነበር። ቀና ብሎ ሲያየኝ ግን ዓይኑ ውስጥ ያለው ልጅ ሳለ ሲርበው የማውቀው ዓይን ነው። ጭልፋውን አነሳሁ፣ ከታች ዝቅ አድርጌ ቅልጥሙን ፈለግሁና እንጀራው ላይ አወጣሁለት።

"እንግዲያው ጠግበህ ብላ" አልኩት።