ኅሊናውያን ሲሳሳቱ

አትላንታ ውስጥ ስለ ሌላ ዓለም ፍጥረታት በአማርኛ የጻፍኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የጻፈ ካለ ደብተሩን ይዞ ይምጣ። የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ እንግሊዝኛውንም የከዋክብቱንም ነገር፣ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ዲኬተር ውስጥ የፓርኪንግ ካሸር በነበርኩባቸው ዓመታት፣ ሌሎቹ ሬዲዮ ሲያዳምጡ እኔ ገንዘብ በምቀበልባት የመስታወት ክፍል ተቀምጬ ዘጠኝ ደብተር ሞላሁ።

ፍጥረታቱን ኅሊናውያን አልኳቸው። ስሙን ያገኘሁት አንድ ሾፌር ቲኬቱ ጠፍቶበት ኪሱን ሲበረብር በቆየበት ጊዜ ውስጥ ነው። ለእኔ ያን ያህል ጊዜ ይበቃኛል።

ኅሊናውያን ረጃጅም ናቸው፤ ቆዳቸው እንደ እርጥብ ድንጋይ ያብረቀርቃል። አፍ አላቸው፤ ግን ለመብላትና ለመሳቅ ብቻ ነው። አንዱ የሚያስበውን ሌላው ግንባሩ ላይ ይሰማዋል፣ ምድጃ አጠገብ የቆመ ሰው ሙቀቱ እንደሚሰማው። የሚዋሽ ስለሌለ ፍርድ ቤት የላቸውም። ደብዳቤ የላቸውም። ሰላምታ እንኳ የላቸውም፤ የሌላው አዳር ለሁሉም ስለሚታወቅ እንዴት አደርክ የሚባባል የለም። ሰላምታ የሌለበትን አገር አስቦ ለመፍጠር ድፍረት ይጠይቃል፤ በተለይ ለእኛ ሰው።

መጀመሪያ የምታዳምጠኝ ባለቤቴ ነበረች። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ሳምንቱን ትጨርስና፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ እኔ አነብላታለሁ።

«ባልየው ሚስቱን ምን ፈለግሽ ብሎ አይጠይቃትም?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ለምን ይጠይቃታል? ያውቀዋል እኮ።»

«ሳትናገር?»

«ሳትናገር።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ሌላ ዓለም? የእኛው ቤት ነው እንጂ!» ቢላዋውን ወደ እኔ ቀሰረች። «አንተስ መቼ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

እኔ ይህን እንደ ምስጋና ወሰድኩት። በሁለተኛው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ባለቤቴ እንደመሰከረችው እኔም በከፊል ኅሊናዊ ነኝ ብዬ ጽፌያለሁ። ጽሑፉ እስከ ዛሬ አለ።

ከአትላንታው ኦሎምፒክ በኋላ በመጣው ጸደይ ባለቤቴን ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሏት፤ ንግግሯም ሄደ። የቀራት አንድ ቃል ነበር፤ «እንትን»። ውሃ ስትፈልግ እንትን፣ ልጃችን ስትመጣ እንትን፣ ስትቆጣም እንትን። ዜማው ብቻ ይለያያል። ሆስፒታል አስተርጓሚ እንጥራ ሲሉኝ ሳቅኩባቸው። «እኔ እያለሁ?» ሐኪሙ ያማታል ወይ ሲል አያማትም እላለሁ። ምግቡን ወደደችው ወይ ሲል ወዳዋለች እላለሁ። ወደ እሷ ዞር ብዬ እንኳ አላይም።

ቤት ስትመለስ ሥራዬን ተውኩና እሷን ማስታመም ያዝኩ። ምግብ አበሰልኩ፣ ልብስ አጠብኩ፣ በየጠዋቱ ሻወር ውስጥ በላስቲክ ወንበር አስቀምጬ ገላዋን አጠብኩ። በእኔ ዕድሜ ይህን የሚያደርግ ወንድ ካለ ስሙን ንገሩኝ። ሊጠይቋት የሚመጡ ሴቶች «እንደ እርስዎ ያለ ባል ከየት ይገኛል!» ሲሉኝ አላስተባበልኩም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ውሃውን ከከፈትኩበት ጀምሮ እስክጨርስ ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች።

ልጃችን ቅዳሜ መጥታ ይህን አይታ ነበርና ሰኞ ሳንዲ ስፕሪንግስ ካለው ቢሮዋ ደወለችልኝ። «አባዬ፣ እማዬ ለምንድነው የምታለቅሰው? ላይክ፣ አስክ አድርገሃታል?»

«ምን ያስጠይቃል? የምስጋና እንባ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይጠፋኛል?»

«ኦኬ። ግን አስክ አድርጋት።»

አልጠየቅኳትም።

በሳምንት ሁለቴ የንግግር ቴራፒስት ቤታችን ትመጣ ነበር፤ ሳቋ ደረጃው ድረስ የሚሰማ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ኩባያ፣ አልጋ፣ ብርድ ልብስ የተሳለባቸው ካርዶች ትዘረጋና ባለቤቴን ታስመርጣለች። ባለቤቴ እጇን ሳታነሳ እኔ እመልሳለሁ።

«ሰር፣ እርስዎ አይደሉም እኮ የታመሙት» አለችኝ።

ማን እንደሆንኩ እንድታውቅ ብዬ ስለ ኅሊናውያን አጫወትኳት። ካርዶቿን አስቀምጣ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። በጣም ደስ አለኝ፤ እንደዚያ ያዳመጠኝ አሜሪካዊ አልነበረም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሲሳሳቱስ በምን ያውቃሉ?»

«አይሳሳቱም።»

«ሃኒ፣ ሁሉም ሰው ይሳሳታል። አንዱ የሌላውን ሐሳብ አጣምሞ ቢሰማ፣ መጠየቅ የሚባል ነገር ከሌላቸው በምን ይታረማል?»

ስትወጣ በር ላይ ቆማ አንድ ምክር ጣለችልኝ። አዎ ወይም አይደለም የሚያስብል ጥያቄ ጠይቃት፤ ከዚያ ዝም ብለህ በሆድህ እስከ አሥር ቁጠር።

እኔ ግን በክርክር የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። አሥረኛውን ደብተር ገዝቼ፣ ኅሊናውያን እንደማይሳሳቱ የሚያስረዳ ምዕራፍ በሦስት ቀን ጻፍኩ። አንድ ባል የታመመች ሚስቱን በሞቀ የምንጭ ውሃ ያጥባታል። እንባዋ ይወርዳል። ባልየው ግንባሩን ወደ ግንባሯ ያስጠጋል፤ የሚሰማውም ምስጋና ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጋና። ከጻፍኳቸው ሁሉ የሚያምረው ምዕራፍ እሱ ነው። በአጻጻፉ ማለቴ ነው።

ከምሳ በኋላ አነበብኩላት። ምስጋናው ላይ ስደርስ በግራ እጇ ደብተሩን መታችው፤ ከእጄ በርሮ ቴሌቪዥኑ ሥር ገባ።

«እንትን!» አለች። በዚያ ዜማ ብላው አታውቅም።

«ዓረፍተ ነገሩ ረዘመብሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተስፋ የቆረጠ ዓይን አላየሁም። የቴራፒስቷ ጥያቄ ያን ጊዜ ደረቴ ላይ መጥቶ ቆመ። መሬት ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

«ስለ ጠዋቱ ነው? ስለ መታጠቡ?»

መቁጠር ጀመርኩ። አራት ላይ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ውሃው ያቃጥልሻል?» ስላት ራሷን ግራና ቀኝ አወዛወዘች፦

አይደለም።

«ይቀዘቅዛል?»

አይደለም።

«አሳምምሻለሁ?»

አይደለም። ይህን ስትል እጄን ያዘችኝ። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነበር፤ እሱን ፈርቼው ነው በሌሎቹ የዞርኩት።

«እኔ... ባላጥብሽ ይሻልሻል?»

ሰባት ላይ ዓይኗን ጨፈነችና ነቀነቀች።

«ሴት ትጠብሽ?»

አንድ እንኳ ሳልል ነቀነቀች።

ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ልብሷን ስትቀይር ጀርባዋን የምታዞርብኝ ሴት ናት። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እያወቅኩ በየጠዋቱ መብራት አብርቼ፣ እየፎከርኩ አጠብኳት። አለቀስኩ። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ፤ ግራ እጇ ስላልለመደች ዓይኔን ወጋችኝና ሁለታችንም ሳቅን።

ምዕራፉን አልቀደድኩትም፤ ጥሩ ጽሑፍ አይቀደድም። ከሥሩ ግን «ባልየው ተሳስቷል» ብዬ ጻፍኩና ቀጠልኩበት። ከዚያ ወዲህ ኅሊናውያን የሰሙትን ሐሳብ ይዘው ወዳሰበው ሰው ይሄዳሉ፤ ልክ ሰምቼሃለሁ ወይ ብለው ይጠይቁና ይጠብቃሉ። ቴራፒስቷ ይህን ስትሰማ አጨበጨበች፤ ሐሳቡ ከእኔ መምጣቱን ነግሬያታለሁ።

ልጃችን ብራያርክሊፍ መንገድ አካባቢ የምትኖር አንዲት የአገራችንን ሴት አገኘችልን፤ ሥራዋ ነርስ ኤይድ ነው፤ በሽተኛ ታጥባለች፣ ታለብሳለች። በመጀመሪያው ጠዋት ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ ወንበር አድርጌ ተቀመጥኩ። ውሃው ተከፈተ። ጆሮዬን አቀናሁ። ለቅሶ የለም። ሴትየዋ ስለ አንድ ሰርግ ታወራለች፤ ባለቤቴ «እንትን፣ እንትን» ትላለች፤ ከዚያ ሁለቱም ይንከተከታሉ። ምን እንዳሳቃቸው አላወቅኩም።

ባለቤቴ ስትወጣ ጸጉሯ ተጎንጉኖ፣ ፊቷ ቅባት ተቀብቶ ነበር። ሴትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት። ካልሲ ልታደርግላት ስትጎነበስ ግን ባለቤቴ ካልሲውን ነጥቃ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ከለከሉኝ» አለችኝ ሴትየዋ እየሳቀች።

ገባሁ። «እኔ ላድርግልሽ?» አልኩና ቆጠርኩ።

ሁለት ላይ ካልሲውን ዘረጋችልኝ፤ በአገጯም ወደ ቀኝ እግሯ አመለከተችኝ። ያ እግር አስቸጋሪ ነው። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፤ ከትንሿ ተጀምሮ አንድ በአንድ መቃናት አለባቸው። ተረከዟ ላይ ትንሽ እጥፋት ብትቀር ስለማይሰማት ትቆስላለች፤ ስለዚህ በአውራ ጣት ዙሪያውን መዳበስ ያስፈልጋል። ተንበርክኬ ሠራሁት። በዚህ ሥራ አትላንታ ውስጥ የሚስተካከለኝ ሰው የለም።