የቅንጭብ ወተት

ጆሃንስበርግ የተከራየነው ቤት አጥሩ ቅንጭብ ነው። አከራያችን ለጌጥ ተክላዋለች፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ዛሬ ጓንት አጥልቄ፣ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ ስቆርጠው፣ ዓይን ከገባ የሚያሳውረው ነጭ ወተቱ ይንጠባጠብ ጀመር።

አባዬም እንዲህ ነበር የሚቆርጠው። ልጅ ሆኜ፣ ሐዋሳ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥራችንን ሲከረክም አገኘሁት። እንደ ልማዴ ልጠመጠምበት ስሮጥ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «አትንኪኝ! ወዲያ ሂጂ!» አለኝ። ከዚያ በፊት ጮኾብኝ አያውቅም። እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጠበ፤ ሸሚዙን እንኳ አውልቆ ለብቻው ዘፈዘፈው። እናቴን ቀስ ብሎ «ዓይን ምትክ የለውም» ሲላት ሰማሁ። ስለማን ዓይን እንደሚያወራ አልገባኝም። የጠላኝ ነበር የመሰለኝ፤ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ የግቢው በር ተከፈተ። ልጄ ቦርሳዋን ጥላ «ማሚ!» እያለች ወደ እኔ በረረች። ጓንቴ ወተት በወተት ሆኗል። ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁ።

«አትንኪኝ! ወዲያ ሂጂ!»

ባለችበት ደርቃ ቀረች። «ሶሪ፣ ማሚ» አለችኝ።