የእምዬ እርሻና የአያ ውባንተ በሬዎች

እናንተ ስደተኞች አብዛኞቻችሁ ከአገር በጨለማ እንደወጣችሁ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ከቡሬ ገጠር የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ አገር እያየኝ ነው። አንዲት ዶሮ ታቅፌ የሽንዲን ገበያ መንገድ ያዝኩ። የአክስቴ ልጅ ሙላት በጫካው በኩል ቀድሞኝ ሄዷል። ኬላው ላይ ጠባቂው ዶሮዋን አየና «ስንት ነው?» አለኝ። እምቢ ብል ይጠረጥረኛል ብዬ በጠራው ዋጋ ሰጠሁት።

«በይ እንግዲህ ገበያሽን ጨርሰሻል፣ ወደ ቤትሽ ነዋ!» አለኝ።

«ጨው ልገዛ ነው ጌታዬ።»

«በአንዲት ዶሮ ዋጋ የምትገዢው ጨው አገር ሊያጣፍጥ ነው?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ወደ ኋላ ሳላይ አልፌው ሄድኩ።

ለምን እንደወጣሁ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እምዬ ነው የምላት። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንድ ልጇ ሙላት በደርግ ጊዜ ለሰሜኑ ጦርነት ተወስዶ ነበር። ያን ጊዜ ዘማች የላከ አቅመ ደካማ ቤት እርሻውን የገበሬ ማኅበሩ ያርስለት ነበር። እኔም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኜ ስለነበር የዘማች ቤተሰብ መዝገብ በእጄ ነው። የእምዬን መሬት የሚያርሱት ጎረቤታችን አያ ውባንተ ነበሩ። የሳቸውም አንድ ልጅ አስማማው ከሙላት ጋር በአንድ ቀን ነው የተወሰደ። «እርስዎም የዘማች አባት ነዎት፣ ይቅርብዎ» ቢባሉ፣ «የልጄ ጓደኛ መሬት ጦሙን አያድርም» ብለው እምቢ አሉ። ያለቻቸው አንዲት ጥማድ በሬ ናት። ከእምዬ መሬት ተርፋ ወደ ራሳቸው ዳጉሳ ስትደርስ ወቅቱ ያልፍ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ እምዬ ውሃ ወርዳ ሳለ፣ የተዋስኩትን ወንፊት ልመልስ ቤቷ ገባሁ። ከጎታው ጀርባ ሰው ሲያስል ሰማሁ።

«ይታይሽ፣ አትጩኺ» ብሎ በስሜ ጠራኝ።

ሙላት ነው። ከግንባር ከድቶ ከመጣ ሁለተኛ ወሩ። ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ሌላ ሰው መስሏል። ከውጭ የአያ ውባንተ ድምፅ ይሰማል፤ በሬዎቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ ያበረታታሉ።

«አስማማውስ?» አልኩት።

ፊቱን ወደ ጎታው አዞረ። «እጄ ላይ ነው የሞተ። የቀበርኩትም እኔ ነኝ።»

እምዬ ስትመለስ ለመንኳት። «ቢያንስ እርሻው ይቅርብኝ በይ።»

«ለምን ቢሉኝ ምን ልመልስ? ልጄ ቤት ነው ልበል?» አለች። እንስራዋን እንኳ አላወረደችም። «በእጄ አጉርሼ አሳድጌሽ፣ አንቺ ልጄን ለጥይት ልታጎርሺብኝ?»

በዚያው ሰሞን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠራኝ። «መዝገቡ ይጣራ። ያለ አግባብ የሚታረስለት ቤት ካለ ለይተሽ አምጪ። ደብቀሽ ከተገኘሽ ግን አንቺን አያድርገኝ» አለኝ። ሦስት ቀን መዝገቡን ገልጬ ተቀመጥኩ። ብጽፍ ሙላት አይተርፍም። ባልጽፍ አያ ውባንተ፣ ልጃቸው መሞቱን ለሚያውቅና አፉን ለዘጋ ሰው ያርሳሉ። በመጨረሻ በእምዬ ስም አንጻር «ይቀጥል» ብዬ ጻፍኩና ብዕሬን ጥዬ ወደ እርሻው ወረድኩ። ለመንግሥት ባልናገር ለሐዘኑ ባለቤት ልናገር ብዬ ነው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

«አያ፣ በሬዎቹን ትንሽ ያሳርፏቸው።»

«ምነው ልጄ?»

«አስማማው…» ብዬ አልጨረስኩትም።

እርፉን ይዘው ቆሙ። ማን ነገረሽ አላሉኝም። የእምዬን ቤት ብዙ ጊዜ አዩት።

«ሙላት እዚያ ነው ያለ?»

ዓይኔን ወደ ትልሙ ጣልኩ።

«ብናገር የሰው ልጅ ይሞታል። ባለቅስ ማን ነገረህ ይሉኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄስ የእግዜር ነው። ልቅሶዬን ግን እናንተ ወሰዳችሁብኝ።»

ጅራፋቸውን አንሥተው የጀመሩትን ትልም ጨረሱ።

ሙላት መናገሬን ሲሰማ «ሸጥሽኝ» አለኝ። ሊቀ መንበሩም «ሽማግሌው ሰው መሸሽ አበዙ፣ ምን ሰሙ?» እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። በሚቀጥለው ገበያ ወጣን።

ቆላው፣ ውሃ ጥሙ፣ ንዳዱ ለእናንተ አይነገርም፤ ታውቁታላችሁ። ሱዳን መጠለያው ስንደርስ መዝጋቢው «ስንት ናችሁ?» አለኝ።

«ሁለት።»

አስተርጓሚው በአማርኛ «ምን ነካሽ? ስድስት በይ እንጂ! የሞተም ያልተወለደም እየተቆጠረ ነው ራሽን የሚወሰድ» አለኝ።

«ሁለት ነን።»

መዝጋቢው ብዕሩን አስቀምጦ በጥርጣሬ አየኝ። ሁለት ያለ ሰው ገጥሞት አያውቅምና የራሽን ካርዴን ለማጣሪያ ሳምንት ያዘብኝ። «ስድስት ነን» ያሉት ዱቄታቸውን በዚያው ቀን ተሸክመው ሄዱ።

ሙላት ገዳሪፍ ወደ ማሽላ እርሻ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። እኔ ካርቱም ሰው ቤት ለሥራ ገባሁ። ኪስራ የሚሉት እንጀራ ይመስላል፤ ግን እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፣ ዓይንም የለው። ሰማዩ ሲጠቁር እንደኛ አገር ሰኔ ደስ ብሎኝ ደጅ እወጣለሁ፤ የሚወርደው አቧራ ነው። እመቤቴ «አንቺ ሐበሻ፣ ደመና አይተሽ የምትስቂ፣ ጥረጊ!» ትለኛለች።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በሰው በሰው መልእክት ልኬ እምዬን ቡሬ ስልክ ቤት አስጠራኋት። ድምፄን ስትሰማ አለቀሰች። የሙላትን ጤንነት ጠየቀችኝ፤ ደህና ነው አልኳት። ከዚያ አያ ውባንተን ጠየቅሁ።

«ዐርፈዋል» አለች። «ከሄዳችሁ በኋላም ሁለት ክረምት አረሱልኝ። ቢያቆሙ ሰው ይጠረጥራል ብለው ነው። ግን ይታይሽ፣ ከቤቴ አንዲት ጉንጭ ውሃ አልጠጡም።»

«አለቀሱ?»

«የአስማማው መርዶ ሳይመጣ ነው የሞቱት። እንዴት ያልቅሱ?»

መስመሩ ይንሿሿል። «ስለ እኔስ አንድ ነገር አላሉም?» አልኳት።

«ብለዋል። በስልክ የሚባል ግን አይደለም። ስትመጪ እነግርሻለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየፋሲካው እደውላለሁ። በየፋሲካው እጠይቃታለሁ። እሷም ስትመጪ ትለኛለች። እንድመጣላት ይዛብኝ እንደሆነ፣ ቃሉ ከብዷት እንደሆነ አላውቅም። ድምፅዋ ዓመት ከዓመት እየቀጠነ ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ እንኳ ጓዜን አልሸከፍኩም።